ጎማዬን ማን አስተነፈሰው?

ጥቅምት 12 ቀን 1978

የዘወትር ቀን። ልጆቹን አልብሼ ቁርስ አበላሁ። ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው ባሌ ሙሉሰው ነው፣ ፋብሪካ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ። እኔ በብስክሌት ከሰፈራችን ከማሃኔ የሁዳ ወደ ክፋር ጋኒም ሰፈር፣ እማማ ሀና ዘንድ። በዕብራይስጥ መታፔለት ይሉኛል፤ አረጋዊ ተንከባካቢ ማለት ነው። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ። የስኳር መርፌያቸውን ግን ማንም አይነካባቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የሚወጉት። ከዚያ ቶሎ መብላት አለባቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁርሱን የማቀርበው እኔ ነኝ።

ብስክሌቱ የሟች ባላቸው ነው። በሐምሌ ፀሐይ አውቶቡስ ስጠብቅ ጠቁሬ ከስዬ ስደርስ አይተው፣ "ውሰጂው፣ በረንዳ ላይ ዝጎ ከሚቀር" አሉኝ። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ በኪራይ ብስክሌት ከአጎቴ ልጅ ጋር ተምሬ ነበር። እግር አይረሳም።

ዛሬ ጠዋት ግን የኋላው ጎማ ለስልሶ አገኘሁት። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ። ቀዳዳ ይሆን?...

ጥቅምት 14

ተናድጃለሁ።

ጎማው ዛሬም ተነፈሰ። መንፊያ የለኝም፣ እየገፋሁ ነዳጅ ማደያ ሄድኩ። ሠራተኛው የጭነት መኪና ጎማ የሚነፋበትን ቱቦ ሰካበት። "በቃ" አልኩት። "ረጋ፣ ረጋ" አለኝ፤ ቆይ ማለቱ ነው። "በቃው!" ብዬ ጮህኩ። "ረጋ..." ሳይጨርስ ጧ! አለ። ወረፋ የሚጠብቅ ወታደር መሬት ላይ ተዘረረ፣ ቦምብ መስሎት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ወታደሩም ሱሪውን እያራገፈ ሳቀ። ሠራተኛው ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ኢትዮጵያ ውስጥ ብስክሌት አላያችሁም እንዴ?"

ያፈነዳው እሱ! አላየሽም የምባለው እኔ!

እማማ ሀና ዘንድ እየሮጥኩ ደረስኩ። መርፌያቸውን ተወግተው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ገርጥቷል። ስኳር በሻይ ሰጠኋቸው። ባይቆጡኝ ነው የባሰብኝ።

ማታ ባዶ ጎማ እየገፋሁ ስገባ ታችኛው ፎቅ ያለው ሳሶን መተላለፊያው ላይ ቆሟል። ይኼ ከባግዳድ የመጣ ሽማግሌ ብስክሌቱ መንገድ ዘጋ እያለ ሁለቴ ነግሮኛል። ዛሬም "አሁንም እዚህ ነው የምታቆሚው?" አለ። አልቻልኩም። በማውቃት ዕብራይስጥ ሁሉ ወረድኩበት። "አንተ ነህ ነፋሱን የምታስወጣው! ሌላ ማን አለ!" አልኩት። አባቴን የሚያህል ሰው አንተ ብዬ... በዕብራይስጥ አንቱ የለ፣ አፌን ከበደኝ። ግን አልኩት።

ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋብኝ።

ሙሉሰው ስነግረው፣ "ተዪው ይቺን ብረት" አለ። ብረት! ዳቦ የምታበላን ብረት።

ጥቅምት 15

ሰንበት ሊገባ ነው። ልቤ አልበረደም።

ጥቅምት 18

በሩ ተንኳኳ። ሳሶን። በአንድ እጁ መንፊያ፣ በሌላው አዲስ የውስጥ ጎማ።

"ሌባ ብትዪኝ ይሻል ነበር" አለ። "አባቴ ባግዳድ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። እኔ በሰው ጎማ ላይ እጄን አላነሣም። ነውር ነው።"

ደጅ ይዘውኝ ወረዱ። (ከእንግዲህ እሳቸው ልበላቸው።) የፈነዳውን ጎማ አውልቀው አዲሱን ሲያስገቡ ቆሜ አየሁ። ከዚያ መንፊያውን ፈትተው አሳዩኝ። እኔ እኮ ዝም ብሎ አየር የሚተፋ ቱቦ ይመስለኝ ነበር! ውስጡ ዘንግ አለ። ዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ሲኒ የጎደጎደች የቆዳ ክብ። ዘንጉን ወደ ላይ ስትስቢው ቆዳዋ ትሰበሰባለች፣ አየር በጎኗ ሾልኮ ይገባል። ወደ ታች ስትገፊው ደግሞ ቆዳዋ ትዘረጋና ግድግዳው ላይ ልጥፍ ትላለች፣ አየሩ መመለሻ ያጣል። መውጫው ወደ ጎማው ብቻ ይሆናል። "ቆዳዋ ከደረቀች ትሰንፋለች፣ ዘይት አጠጫት" አሉኝ።

ቫልቮላዋ ደግሞ... አየር የምትገባበት በር ማለት ነው። ውስጧ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች፣ ትል የምታህል። የምትነፊው አየር ቱቧን ገፋ አድርጎ ይገባል። ከገባ በኋላ ራሱ አየሩ ከውስጥ ይጫናትና በሩን ይዘጋል። ገርሞኝ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ።

"የኋላውን ጠንከር፣ የፊቱን ለስለስ አድርጊ። ክብደትሽ ያለው ኋላ ነው። ከለሰለሰ ድንጋይ ስታገኚ ቸርኬው የውስጡን ጎማ ይነክሰዋል። ከልክ በላይ ከነፋሽው ደግሞ ያነጥርሻል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይፈነዳል። በአውራ ጣትሽ ጫኚው፤ ትንሽ ብቻ እሺ ካለሽ በቃው። የማደያው ቱቦ ለካሚዮን ነው፣ የብስክሌት ጎማ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ይሞላል።"

"እኔም በቃ ብዬው ነበር" አልኩ።

"በቃ ስትባል የማይሰማ ሰው መንፊያ መያዝ የለበትም" አሉ።

መንፊያውን ለእኔ ተዉልኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "በሰደር፣ በሰደር" ብለው እጃቸውን አወናጨፉ፤ ደህና ነው፣ ደህና ነው ማለታቸው ነው።

ጥቅምት 25

እንደገና! በአዲስ የውስጥ ጎማ!

ሳሶንን ጠራሁ። በባልዲ ውሃ ነከሩት፤ አንድ አረፋ የለም። ቫልቮላው ላይ ምራቃቸውን ቀቡ፤ ምንም። ቀና ብለው አዩኝ።

"ጎማው ጤነኛ ነው። የሰው እጅ ነው።"

የሰው እጅ። የማን? ምን በደልኩ? ማለዳ ተነሥቼ ሥራዬን በሠራሁ? የጎረቤት ልጆች ይሆኑ? በልጅ አላመካኝም፤ ልጅ አንዴ ይጫወታል፣ ሳምንት እየጠበቀ አይመላለስም። እኛን የማይፈልግ ሰው ነው። ደረጃው ላይ ሲያየን አፍንጫውን የሚይዝ አለ፣ አውቀዋለሁ... ግን አየሁት? አላየሁትም። በሳሶን ላይ የሠራሁትን አልደግምም።

ጥቅምት 26

ብስክሌቱን ቤት አስገባሁት። ኩሽና ውስጥ፣ ፍሪጁ አጠገብ። ሙሉሰው ተቆጣ።

"ቤት ነው ጋራዥ?"

"ደጅ ያስተነፍሱብኛል።"

"አውቶቡስ የለም?"

"ሞልቶ ያልፈኛላ! አሮጊቷ ተወግተው ይጠብቁኛል እኮ።"

ከሥራ የሚመጣው ደክሞት ነው፣ የፋብሪካው ፕላስቲክ ሽታ ከልብሱ አይለቅም። አልጨቀጨቅሁትም። በሩን ግን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩት።

ኅዳር 1

አምስት ቀን ሙሉ ጎማው ድንጋይ ነው። እማማ ሀና ቁርሳቸውን በሰዓቱ እየበሉ ነው። ዛሬ ዘፈኑልኝ፣ በፖላንድ ቋንቋ። ያስቃሉ።

ኅዳር 5

ትናንት ስግድ፣ የጾምና የጸሎት በዓላችን፣ ነበር። ሙሉሰው ከወንዶቹ ጋር ኢየሩሳሌም ውሎ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ጾም አድክሞት መሰለኝ። ዛሬ ስጎተጉተው ተናገረ። ከጸሎት በኋላ ሲበሉ አባ ሹሜ በሰው መሀል፣ "ሙሉሰው፣ ሚስትህ ፈረሰኛ ሆነች አሉ! አንተ ኋላ ላይ ትቀመጣለህ?" ብለውት ኖሯል። ሸንጎው ሁሉ ሳቀ።

"አንተስ ምን አልክ?"

"ምን እላለሁ?"

አባ ሹሜን አከብራለሁ፣ የመንደራችን ሽማግሌ ናቸው። ግን ደሜ ፈላ። ሱዳን በረሃ ልጅ አዝዬ፣ ሌላውን እየጎተትኩ ስሄድ ነውር ነው ያለኝ አልነበረም። ያኔ እግሬ እግር ነበር። አሁን ፔዳል ሲረግጥ ነው ነውር የሆነው?

ኅዳር 9

ጎማው ባዶ። በተቆለፈ ቤት ውስጥ። መንፊያውን ሰካሁ፣ ገፋሁ፣ ገፋሁ... የነፋሁት ሁሉ ፉሽ ብሎ ይመለሳል። ቫልቮላው የለም። ነቅለውታል።

አውቶቡስ ጠበቅሁ። ሞልቶ አለፈኝ። ሮጥኩ። በመንገዱ ሁሉ ሮጥኩ።

እማማ ሀና ኩሽናው ወለል ላይ ናቸው። ግንባራቸው ደም። መርፌው ጠረጴዛው ላይ። ዳቦውን ለማውረድ ተነሥተው ነበር ይመስላል...

አምቡላንስ ጠራሁ። አድራሻውን በዕብራይስጥ ስናገር ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ኅዳር 10

በሕይወት አሉ። የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል፣ ግንባራቸው ተሰፍቷል፣ ስኳራቸው ገና አልተስተካከለም። ልጃቸው መጣ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እናንተ ሰዓት የሚባል ነገር አታውቁም። ሁለተኛ ቤታቸው እንዳላይሽ" አለኝ።

እናንተ። እኔ አንድ ሰው ነኝ! ማን ነው "እናንተ"?

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ... "ጎማዬን ሰው..." ብዬ ጀመርኩ። እዚያው አፌ ላይ ቀረ። ሰው። የትኛው ሰው? በሩን ሁለቴ የቆለፍኩት ራሴ ነኝ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ሁለት ሕፃናት፣ እና...

ልጃቸው ያፈርኩ መሰለው።

ልጆቹ እስኪተኙ ጠበቅሁ።

"ሙሉሰው፣ ቫልቮላው የት አለ?"

"የምን ቫልቮላ?"

"ሙሉሰው።"

እጁን ኪሱ ከተተ። አወጣው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከጥፍር አትበልጥም ያቺ ነገር።

"አንድ ቀን እንድትቀሪ ብቻ ነበር፣ አለምነሽ። እንዲህ እንደሚሆን በምን አውቄ?"

"አንድ ቀን? ከጥቅምት ጀምሮ ማን ነበር?"

ቫልቮላዋን በጣቱ ወደ እኔ ገፋት።

"እኔ እኮ ሽማግሌውን ሰደብኩ! ጎረቤቱን ሁሉ ጠረጠርኩ! ነጩ ጠላኝ ብዬ ስንቱን በሆዴ ረገምኩ! አንተ አጠገቤ ተኝተህ!"

"ሰው ሳቀብኝ።"

"ሰው ሳቀብህ። እማማ ሀና ተሰበሩ።"

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አላዘንኩለትም። አሁንም አላዘንኩለትም። በመስከረም በረባኖቹ፣ በሃይማኖት አለቆቹ፣ ደጃፍ፣ "አይሁድነታችንን ለምን ትጠራጠራላችሁ? ለምን ታዋርዱናላችሁ?" እያለ አስፋልት ላይ የተቀመጠው ይኼ ሰው ነው። ስንቅ ይዤ ሄጄ ከጎኑ የቆምኩት እኔ ነኝ። ይኼንንም አልኩት።

"መንግሥት ሲንቅህ ትጮሃለህ። ቤትህ ስትገባ ግን አንተው ረባን ሆነህ ተቀመጥክብኝ!"

የልጆቹ ክፍል ውስጥ ልተኛ ነው።

ኅዳር 12

አላነጋገርኩትም።

ኅዳር 15

አባ ሹሜ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ሙሉሰው ነው የጠራቸው። እንደ ደንቡ ቆሜ ተቀበልኳቸው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ትዳር በብረት ይፈርሳል? በረሃው ያልለያያችሁን ብስክሌት ይለያያችሁ?"

"አባ ሹሜ፣ ብስክሌቱ አይደለም ያጣላን።"

"እሱም ይካስሽ፣ አንቺም ብስክሌቱን ተዪለት። እኩል በእኩል።"

እኩል! ወደ ሙሉሰው ዞርኩ። "ለምን እንደተጣላን ነግረሃቸዋል?"

ወለሉን አየ። ገባኝ። ሚስቴ አልታዘዝ አለች ብሎ ነው የጠራቸው። ሌላውን ውጦታል።

"አባ ሹሜ፣ እርስዎ የሰሙት ግማሹን ነው" አልኩ። "የቀረውን እሱ ይንገርዎ። እኔ አልናገርለትም።"

ጠበቁት። ሦስቱም ጠበቁት። እግሩን አንዱን ባንዱ ላይ እያሸ ዝም አለ። ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

መናገር አቅቶኝ አይደለም፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ከእኔ አፍ ከወጣ ክስ ነው። "እሷ እንዲህ ትላለች" ተብሎ ይቀራል። እውነት የሚሆነው ከራሱ አፍ ሲወጣ ነው።

ቫልቮላዋን መልሼ ገጠምኩ። ጎማውን ነፋሁ። የምሄድበት ግን የለኝም።

ኅዳር 19

ልጃቸው የሌለበትን ሰዓት ጠብቄ ሆስፒታል ሄድኩ። እማማ ሀና ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ እጃቸው በጀሶ። ሳልቀመጥ፣

"ባልሽ መጥቶ ነበር" አሉኝ።

"የእኔ ባል?"

"ረጅሙ። ደረቱን እየደበደበ 'አኒ፣ አኒ' ይላል። እኔ፣ እኔ ማለቱ እንደሆነ አያጠያይቅም። ግን ምኑን እሱ? 'ጎማ፣ አኒ። አየር፣ አኒ' አለ። ያኔ ገባኝ።"

"ምን አሉት?"

"ውጣ አልኩት! ምን ልለው ኖሯል? ወጣ። በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ያኔ ተቀመጥ አልኩት።"

ለእኔ አንድ ቃል ያልነገረኝ ሰው! በተሰባበረ ዕብራይስጥና በእጅ ምልክት ለእሳቸው የነገራቸውን ከእሳቸው ሰማሁ። አገሩ ሳለ አራሽ ነበር፣ ሰው ምክር የሚጠይቀው። እዚህ ልጆቹ በቋንቋ በለጡት። ሚስቱ ሥራ ቀድማ ያዘች፣ ደብዳቤ የምታነበው እሷ፣ ክሊኒክ የምትናገረው እሷ። ከዚያ ብስክሌት። "ጠዋት ጠዋት በመስኮት አያታለሁ" ብሏቸዋል፣ "ትሄዳለች። እኔ ቆሜያለሁ።"

"አዘኑለት?" አልኳቸው።

"ይኼ ምክንያት ነው እንጂ ይቅርታ አይደለም፣ አልኩት። ይኼን ለሚስትህ ነግረሃል? አልኩት። አልነገርኳትም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲያው እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ሂድ አልኩት።"

ልጃቸውንም ጠርተው እንደነገሩት አጫወቱኝ። ያለ እኔ ማንንም ቤታቸው እንደማያስገቡ። "ዕድሜ ልኬን ሰዓት ሳከብር ኖሬያለሁ፣ ያቺ ልጅ ሮጣ ባትመጣ እዚያው በድን ሆኜ ባገኘኸኝ ነበር" ብለውታል። እሱም ስወጣ ደጅ አግኝቶኝ "ማክሰኞ ይወጣሉ፣ ረቡዕ መምጣት ትችያለሽ" አለኝ። ይቅርታ የምትባለዋን ቃል ዘለላት። አየሁት፣ ስትዘለል።

ኅዳር 21

ሰንበት ወጣ። ሙሉሰው የሆነ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና። አላገዝኩትም።

ኅዳር 24

ሲመሽ ወንዶቹ መጡ። አባ ሹሜ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ በስግድ ዕለት አብረው የሳቁ ሌሎችም። ሳሎኑ ሞላ። ሙሉሰው ነው ዞሮ የጠራቸው፣ ከፋብሪካ ፈቃድ ወስዶ። ለእኔ የነገረኝ፣ "ዛሬ አትቁሚ፣ ወንበር ያዢ" ብቻ ነው። ተቀመጥኩ። አባ ሹሜ ወንበር ላይ አዩኝ፣ አልፈው ተቀመጡ።

ሙሉሰው መሀል ላይ ቆመ። እጁን የሚያሳርፍበት አጣ።

"የሷን ጎማ የማስተነፍሰው እኔ ነበርኩ" አለ። "አንድ ቀን አይደለም። ስትተኛ ተነሥቼ። በሯን ስትቆልፍ፣ ከውስጥ ሆኜ። መጨረሻ ላይ ቫልቮላውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። አሮጊቷ የወደቁት በእኔ ነው። ባለፈው ስጠራችሁ ይኼን ደብቄ ሚስቴን ከሰስኩ። ብስክሌቱን አትተወውም። እኔም ተዪው አልላትም።"

አንዱ ከጥግ ሳቀ። "ከውስጥ ሆኜ አለ?" እያለ። ሌላው ተከተለው። ሙሉሰው አሁን ይወጣል፣ በሩን ሰብሮ ይወጣል አልኩ። አልወጣም። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ።

አባ ሹሜ አልሳቁም። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከል አደረጉ።

"በስግድ የጀመርኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሳቁ የእኛ ነው፣ ጥፋቱ ያንተ። ሁለቱን አናደባልቅም።" ከዚያ ወደ እኔ። "አለምነሽ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

በሽምግልና ተቀምጬ ምን ትያለሽ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። አጠር አድርጌ ተናገርኩ።

"እማማ ሀና ዛሬ ቤታቸው ገብተዋል። ነገ ማለዳ እዚያ መገኘት አለብኝ። ከነገ ጀምሮ ልጆቹን አልብሶ ቁርስ የሚያበላው እሱ ነው። ሌላ ፍርድ የለኝም።"

"ይቅር አልሽው?"

"ገና ነኝ።"

ተሳሳሙ ብሎ ያስገደደን የለም። "ገና ከሆነች ገና ናት" አሉ አባ ሹሜ፣ ተነሡ።

ሙሉሰው ደረጃው ድረስ ሸኝቷቸው ተመለሰ። ፊቱ በላብ ርሷል። የልጆቹ ክፍል መተኛት ከጀመርኩ ወዲህ አብሬው ባልተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እኔም አልተነሣሁም።

"ሳቁ" አለ።

"አዎ፣ ሳቁ" አልኩት። "አልሞትክም።"